ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ካልሲ እንዴት ይመረጣል?

ካልሲ ገበያ ላይ ብዙ የማይመረጥበት ዕቃ ነው። ቀለሙና ዋጋው ታይቶ፣ ቢበዛ በእጅ ለጠጥ ተደርጎ ይገዛል። ካልተመቸ እግር ራሱ ይናገራል፤ ቢያጠብቅ ይከረክራል፣ ቢታጠፍ ይጎረብጣል፣ ባለቤቱም አውልቆ ያስተካክለዋል። የእግሩ ነርቭ የተጎዳበት ሰው ግን ይህ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ቢኖረውም የተዛባ ነው። አንዱ ካልሲው ተጣጥፎ ተረከዙን ሲልጠው ይውልና ማታ ሲያወልቅ ደም ያያል። ሌላው ደግሞ ለስላሳ ጨርቅ ሲነካው እንኳ እንደ እሳት ይለበልበዋል። ለሁለቱም የካልሲ ምርጫ ከአለባበስ ይልቅ የጤና ጉዳይ ነው።

በሕክምናው ቋንቋ ኒውሮፓቲ የሚባለው የእግር ነርቭ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከጣቶች ጫፍ ይጀምራል። ከአከርካሪ ተነሥተው እስከ እግር ጣት የሚዘልቁት ነርቮች በሰውነት ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጃጅሞቹ በመሆናቸው ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በእነርሱ ጫፍ ነው። ከዚያም ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ባት እየወጣ ይሄዳል። ሐኪሞች የደነዘዘውን የእግር ክፍል ሲገልጹ በካልሲ ይመስሉታል፤ መደንዘዙ እግርን ሸፍኖ የሚቆመው ካልሲ በሚደርስበት ቦታ ነውና። ብዙ ሕሙማንም ባዶ እግራቸውን ሆነው ሳለ ካልሲ ያደረጉ እንደሚመስላቸው ይናገራሉ። ጉንዳን የሚርመሰመስባቸው፣ መርፌ የሚወጋቸው፣ በጥጥ ላይ የሚራመዱ የሚመስላቸውም አሉ።

መነሻው አንድ አይደለም። በስፋት የሚታወቀው የስኳር ሕመም ነው፤ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችንና እነርሱን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም ነርቭ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ነውና በጊዜው ካልታከመ ስሜትን ያጠፋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት የቫይታሚን ቢ6 እጥረት በማስከተል እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ከመድኃኒቱ ጋር ቢ6 የሚታዘዘውም ይህን ለመከላከል ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ለረጅም ጊዜ አልኮል አብዝቶ መጠጣት፣ ኤች አይ ቪ፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም እዚሁ ይመደባሉ። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የቢ12ን መጠን ሊቀንስ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን እየወሰደ እግሩ የደነዘዘበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ማንሣት አለበት፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም። ከእነዚህ መነሻዎች አንዳንዶቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው የሚታከሙ ናቸው። ስለዚህ ካልሲ ከመፈለግ አስቀድሞ የመደንዘዙን ምክንያት በጤና ተቋም ማወቅ ይቀድማል።

ምቾት የሚያሳስትበት ምክንያት

ስሜቱ የቀነሰ እግር የሚታወቀው ጠበቅ ያለው ነገር ነው። ልኩ የሆነውን ጫማ ሲያደርግ ሰፍቶ የሚወልቅ ይመስለዋል፤ አንድ ቁጥር ያነሰውን ሲያደርግ ግን ያዝ ያደረገውና የተመቸው ይመስለዋል። በካልሲም እንዲሁ ነው። በዚህ የተነሣ እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው “ተመቸኝ” ብሎ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ የሚጎዳውን ነው። ለእርሱ የካልሲ ምቾት የሚለካው በዓይንና በእጅ እንጂ በእግር አይደለም። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከዚህ ነጥብ የሚነሣ ነው።

ይህ እውቀት በአብዛኛው የተገኘው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ደቡብ ሕንድ ቬሎር የሄደው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ የሕሙማኑ ጣቶች ለምን እንደሚያጥሩ ለዓመታት ተከታተለ። በሽታው ሥጋን በራሱ ይቆራርጣል የሚለው የቆየ እምነት ስሕተት መሆኑን፣ ጣትን የሚያሳጣው ሕመም የማይሰማው ሰው ሳያውቀው በየቀኑ የሚያደርሰው ቁስል መሆኑን አሳየ። ቁስሉን ለመከላከል ከተያዙት ሥራዎች አንዱ ተስማሚ ጫማ መሥራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአለርት ማዕከልም ስሜት ላጣ እግር የሚሆን ልዩ ጫማ ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው የእግር አጠባበቅ ምክር ከዚህ ልምድ ብዙ የወረሰው አለ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከትልቅ አደጋ ብቻ አይደለም። ጤናማ ሰው ከካልሲው ስፌት አንዱ ጣቱን ሲጫነው ሳያስበው አረጋገጡን ይለውጣል፣ ያነክሳል፣ ይቀመጣል። የደነዘዘ እግር ግን በዚያችው ነጥብ ላይ በሺሕ የሚቆጠር እርምጃ ይረግጣል። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ውኃ ይቋጥራል ወይም ይደድራል፤ ከደደረው ቆዳ ሥር ደግሞ ቁስል ይፈጠራል። ከገበያ የሚመለስ ገበሬ አሥር ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከካልሲው ውስጥ የተሸበሸበች አንዲት እጥፋት ለዚህ ሁሉ ትበቃለች።

ገበያ ላይ ምን ይታያል?

ካልሲውን በመጀመሪያ ይገልብጡት። ጣት የሚያርፍበትን ጫፍ የሚዘጋውን ስፌት በጣት ጫፍ ይዳስሱት፤ እንደ ገመድ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም በሁለቱ ዳር የክር ቋጠሮ ካለው ይተዉት። ስፌት አልባ ወይም ስፌቱ ጠፍጣፋ የሆነ ካልሲ ከተገኘ የሚመረጠው እርሱ ነው። ካልተገኘ ደግሞ ወጪ የሌለው መፍትሔ አለ፤ ካልሲውን ገልብጦ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጎ መልበስ። ለዓይን ጥሩ አይመስል ይሆናል፤ በጫማ ውስጥ ግን ማንም አያየውም። በሥጋ ደዌ ወይም በስኳር ምክንያት የእጃቸውም ጣቶች የደነዘዙባቸው ሰዎች ስፌቱን በጉንጫቸው ቢነኩት ወይም ሌላ ሰው ቢዳስስላቸው ይሻላል።

ቀጥሎ የሚታየው ላስቲኩ ነው። ባት ላይ የሚያጠብቅ ላስቲክ ደምን ይገታል፣ ማታ ማታ የሚያብጥ እግርንም ይቆርጣል። ካልሲው ለአንድ ሰዓት ያህል ከተደረገ በኋላ ሲወልቅ በባት ላይ ጠልቆ የገባ ቀለበት የሚተው ከሆነ ለዚህ ሰው አይሆንም። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ላስቲኩን በአንድ ወይም በሁለት ቦታ በመቀስ ቁልቁል መሰንጠቅ ይቻላል። ተጠቅልሎ የሚታጠፍ አፍ ያለው ካልሲም በታጠፈበት ቦታ ጫናው እጥፍ ስለሚሆን አይመከርም። እስከ ጉልበት የሚደርሱ ጠባብ ካልሲዎችም እንዲሁ።

በተቃራኒው እጅግ የሰፋ ካልሲ ይሸበሸባል። ተረከዝ የሌለው ቀጥ ያለ ካልሲ፣ ወይም ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ትልቅ ካልሲ በትንሽ እግር ላይ ተረከዝና ጣት ሥር ተሰብስቦ ይቆማል። ስለዚህ የካልሲው ተረከዝ ከሰውየው ተረከዝ ጋር መግጠሙን፣ ጣት ላይም ትርፍ ጨርቅ አለመኖሩን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል።

ጨርቁን በተመለከተ ብዙ ክርክር ይሰማል። ንጹሕ ጥጥ ለቆዳ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ላብን መጥጦ ይይዛል፣ እርጥቡ ጨርቅም ቆዳን ያላላል፣ ይልጣልም። ከጥቂት አጠቃቀም በኋላ ደግሞ ይለጠጥና ይንሸራተታል። ናይለን ብቻውን ሙቀትና ላብ ያምቃል። ለዕለት ሥራ የሚሻለው አብዛኛው ጥጥ ሆኖ ቅርጹን የሚጠብቅ ጥቂት የሚለጠጥ ክር የተቀላቀለበት ነው። ለስላሳ ሱፍ ላብን ከቆዳ ያርቃል፣ እርጥብም ሆኖ ይሞቃል፤ በደጋ አካባቢ በእጅ የሚሠራው ሻካራ የሱፍ ካልሲ ግን ለደነዘዘ እግር ያለ ውስጥ ካልሲ ባይደረግ ይመረጣል፤ ሻካራው ክርና ቋጠሮው ይፍቃል። ውስጥ እግሩ ላይ እንደ ፎጣ ወፈር ብሎ የተሠራ ካልሲ የርግጫን ጫና ስለሚያበርድ ለገጠር መንገድ ይጠቅማል።

ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ይሁን። ነጭ ካልሲ በአቧራና በጭቃ መካከል ቶሎ ይቆሽሻል ብሎ የሚቃወም አይጠፋም፤ ነገሩም እውነት ነው። ሆኖም ጥቁር ካልሲ የማያሳየውን የደም ወይም የመግል ጠብታ ነጩ ያሳያል፤ እግሩ ያልተናገረውን ካልሲው ይናገራል። ውጪው ጠቆር ብሎ ውስጡ ነጭ የሆነ ከተገኘም ይበቃል።

ለስኳር ሕሙማን ተብለው በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡ ካልሲዎች አሉ። ብዙዎቹ ላስቲካቸው የላላ፣ ስፌታቸው የሳሳ በመሆኑ ጥሩዎች ናቸው፤ ነገር ግን ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንምና እነርሱንም መገልበጥና መዳሰስ ያስፈልጋል። መዳብ ወይም ብር የተቀላቀለበት ነው፣ ነርቭን ያድናል እየተባለ በውድ ለሚሸጥ ካልሲ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። የተጎዳ ነርቭን የሚመልስ ካልሲ የለም። በዚያ ገንዘብ ሦስትና አራት ጥንድ ደኅና ካልሲ ገዝቶ በየቀኑ መቀየር እጅግ ይበልጣል።

ከውጭ አገር ዘመድ ስለሚልከው የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ካልሲ የተሠራው የተንጋደደ የደም ሥር ወይም የእግር እብጠት ላለባቸው ሰዎች ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ወደ እግሩ ደም የሚወስዱት ሥሮች የጠበቡ ከሆነ ግን ካልሲው የቀረችውን ደም ሊከለክል ይችላል። የእግሩ የደም ዝውውር በሐኪም ሳይታይ ማድረግ የለበትም።

ጫማው ካልተስማማ

ወፍራም ካልሲ በጠባብ ጫማ ውስጥ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ጫማ ሲገዛ የዘወትሩን ካልሲ አድርጎ፣ እግር እብጠት በሚይዝበት በከሰዓት በኋላ መለካት ይመከራል። ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቦታ መቅረት አለበት። እግር ስለማይታመን ወረቀት ላይ ቆሞ የእግርን ዙሪያ በእርሳስ ማስመር፣ ወረቀቱን ቆርጦ ጫማው ውስጥ ማስገባት ጥሩ ዘዴ ነው። ወረቀቱ ዳር ዳሩን ከተጣጠፈ እግርም እንዲሁ ይጣበባል ማለት ነው።

በገጠር በብዛት የሚደረገው የፕላስቲክ ጫማ ርካሽና ለጭቃ የሚመች ቢሆንም ላብን አያሳልፍም፤ ጠርዙም ይፍቃል። እርሱን የሚያደርግ ሰው ካልሲ ሳያደርግ ባይውል፣ እኩለ ቀን ላይ የሚቀይረው አንድ ደረቅ ጥንድም ቢይዝ መልካም ነው። በሁለት ጣት መካከል ማሰሪያው የሚገባ ነጠላ ጫማ ለዚህ እግር አይሆንም፤ ማሰሪያው ቆዳ ይልጣል፣ ጫማውም ሳይታወቅ ከእግር ይወልቃል። ሕመምተኛው ሳያውቀው በባዶ እግሩ ብዙ ሊጓዝ ይችላል። ማንኛውም ጫማ ከመደረጉ በፊት ተገልብጦ ይራገፍ፣ በእጅም ይዳሰስ። ጠጠር፣ እሾህ ወይም ብቅ ያለ ሚስማር ካለ የሚታወቀው እዚያው ነው።

በደጋው አገር ከሁሉ የሚያስፈራው ብርድ ሳይሆን ብርዱን ለመከላከል የሚደረገው ነገር ነው። ማታ እሳት ዳር እግርን ዘርግቶ መሞቅ የቆየ ልማድ ነው፤ እግሩ የደነዘዘበት ሰው ግን ቆዳው እየተቃጠለ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ አልጋ ውስጥ ማስገባትም እንዲሁ ያቃጥላል። ለዚህ ሰው የሌሊት ሙቀት ምንጩ ላላ ያለ ወፍራም ካልሲና ብርድ ልብስ ይሁን። እግር የሚታጠብበት ውኃ ሙቀቱ ከሰውነት ሙቀት እንዳይበልጥ በክርን ወይም በቤተሰብ እጅ ይለካ። በቆላው ደግሞ በቀትር የጋለ መሬትና ድንጋይ የውስጥ እግርን ቆዳ ያቃጥላልና ከቤት ደጃፍ እስከ ጥላ ያለችው አጭር መንገድ እንኳ ያለ ጫማ አትታለፍ።

ካልሲ ብቻውን ጫማ አለመሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። በቤት ውስጥም ቢሆን በካልሲ ብቻ መራመድ አይመከርም። ጫማ በሚወልቅበት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግን ይህ ምክር ሙሉ በሙሉ አይፈጸምም። በዚህ ጊዜ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ እንደተደረገ መግባት፣ ጫማውን በተቻለ መጠን ከመግቢያው አጠገብ ማውለቅ፣ በጠጠራማው ቅጥር ላይ ዞር ዞር አለማለት፣ ለረጅም ሰዓት ከመቆምም በየመካከሉ መቀመጥ ጉዳቱን ይቀንሳል። ሲመለሱ ካልሲው ላይ እሾህ፣ ጠጠር ወይም የጧፍ ሰም አለመጣበቁን ማየት ያስፈልጋል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው በጣቶቹ መካከል ያለውን ውኃ በሚገባ አድርቆ ነው ካልሲ ማድረግ ያለበት፤ በጣቶች መካከል የሚቀር እርጥበት ቆዳውን እያላላ ለፈንገስና ለቁስል በር ይከፍታል። ቅባት ለደረቀ ተረከዝ ይጠቅማል፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም።

እግሩ ለሚያቃጥልበት

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው ስሜት ስለጠፋበት እግር ነው። ሕመሙ በዝቶ አንሶላ እንኳ ለሚከብደው ሰው ዋናው ነገር መላላትና ልስላሴ ነው። ጣትን ነጻ የሚያደርግ ሰፊ አፍንጫ ያለው፣ የሚንቀሳቀስ ፀጉር የሌለበት፣ ታጥቦ የለሰለሰ ካልሲ ይፈለጋል። አዲስ ካልሲ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ቢደረግ ይሻላል። ሲያደርጉም ከአፉ ይዞ መጎተት ሳይሆን፣ እስከ ጣቱ ጫፍ ሰብስቦ እግርን ካስገቡ በኋላ ቀስ ብሎ መዘርጋት ነው። ለአንዳንዶች ጠበቅ ያለ ነገር ማቃጠሉን ያስታግሳል፤ ይህ የግል ልዩነት ነው። ማታ ከነጭራሹ ካልሲ የማይስማማው ሰው በአልጋው ግርጌ ካርቶን አቁሞ ብርድ ልብሱ እግሩን እንዳይነካው ማድረግ ይችላል። ማቃጠሉን ለማስታገስ እግርን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ማቆየት ግን ቆዳን ስለሚያበላሽ አይገባም። እንቅልፍ የሚነሳ የነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊንን በመሰሉ መድኃኒቶች ሊታገስ ይችላል፤ የሚታዘዙትም በሐኪም ነው። የሚያመው እግር ጫፉ ላይ ደንዝዞ ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጋ፤ ያማል ማለት ይሰማዋል ማለት አይደለም።

አጠባበቅና ምርመራ

ካልሲ በየቀኑ ይቀየር፤ ሲታጠብ ተገልብጦ ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ። የተቀደደ ካልሲ በመርፌ ሲጣፍ የሚፈጠረው ጉብታ ከቀዳዳው የበለጠ ይጎዳል፤ ተረከዙ የሳሳ ካልሲም ዘመኑ አልፏል። ከሰልባጅ የሚገዛ ካልሲ ዋጋው ቢስብም በሌላ ሰው እግር ቅርጹን የያዘና የጠነከረ ስለሚሆን ለዚህ እግር አይመከርም።

ማታ ካልሲ ሲወልቅ እግርን ማየት የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ነው። ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙንና የጣቶቹን መካከል በብርሃን መመልከት፣ ጎንበስ ማለት ወይም ማየት ለማይችል አረጋዊ መስተዋት መሬት ላይ ማስቀመጥ ወይም ከቤተሰቡ አንዱን ማሳየት ይቻላል። ለአባት ወይም ለእናት እግር ማየትን ከልጆቹ አንዱ የየዕለት ሥራው ቢያደርገው ከማንኛውም ካልሲ የበለጠ ይጠብቃቸዋል። ካልሲው ትቶት የሄደው ቅላት ወይም ቅርጽ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ካልሲው ወይም ጫማው መለወጥ አለበት። የደደረን ቆዳ በምላጭ መቁረጥ ወይም ቅጠልና ኬሚካል መለጠፍ ግን ቁስል መጋበዝ ነው።

የእግር ስሜት መቀነሱን በቤት ውስጥ ለማወቅ የሚረዳ ቀላል መፈተኛ አለ። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን፤ ሌላ ሰው የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ ጫፋቸውን ሳይጫን፣ ሳያሽ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይንካ። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት እግሩ ለቁስል የተጋለጠ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እዚያ የሚደረገው ምርመራ 10 ግራም ጫና በሚያሳርፍ ቀጭን የናይለን ክር ሊሆን ይችላል፤ አያምም።

ቁስል፣ መግል፣ መጥፎ ጠረን፣ የጠቆረ ጣት ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ያስፈልገዋል። አንድ ምልክት ደግሞ በቀላሉ ይታለፋል፤ ቁስል ሳይኖረው፣ ሕመሙም ቀላል ሆኖ ወይም ጨርሶ ሳይኖር አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከሌላው ይልቅ ከሞቀ በውስጡ አጥንት ተሰብሮ ወይም መጋጠሚያው እየተናደ ሊሆን ይችላል። ይህን ያየ ሰው ካልሲ ከማላላትና እግር ከማሸት ተቆጥቦ፣ በዚያ እግር ሳይረግጥ፣ በመኪና ወይም በሰው ድጋፍ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።